አራስ ልጄ በጤና መድን ደብተራችን ላይ የለችም፤ ክርስትና እስክትነሳ መጠበቅ አለብን?

የማራኪዋ አራስ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። ልጄ ዛሬ 23 ቀኗ ነው። አሁን ደረቴ ላይ ተኝታለች፤ እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆንን አራት ዓመታችን ነው። ባለቤቴ አናጺ ነው፤ እኔም ከመውለዴ በፊት ደጃፋችን ላይ እንጀራ እሸጥ ነበር። መዋጯችንን አንድም ዓመት አላጓደልንም። የዘንድሮውንም በጥር ወር፣ ሆዴ ገፍቶ ሳለ፣ ራሴ ተሰልፌ አሳድሻለሁ። ደብተሩ ላይ አራት ሰው አለ፦ ባለቤቴ፣ እኔ፣ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጃችንና አብረውን የሚኖሩት አማቴ። ለአማቴ ተጨማሪ እንከፍላለን።

የወለድኩት በጤና ጣቢያ ነው። ለወሊዱ ሳንቲም አልተጠየቅኩም፤ በማግሥቱም በሰላም ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ግን የልጅቷ የዓይኗ ነጩ ክፍል ቢጫ ሆነ። አማቴ የጠዋት ፀሐይ ያሽራታል አሉና ሁለት ጠዋት በር ላይ ይዘናት ተቀመጥን። በስድስተኛው ቀን ቢጫው እስከ እግሯ ወረደ፤ ጡት መያዝም ተወች። ጤና ጣቢያ ይዘናት ስንሮጥ የሪፈር ወረቀት ጽፈው ወደ ሆስፒታል ላኩን። እዚያ ዓይኗ በጨርቅ ተሸፍኖ ሦስት ሌሊት ሰማያዊ ብርሃን ሥር ተኛች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች።

ስንወጣ ገንዘብ ተቀባይዋ ደብተሩን ተቀበለችን። ጣቷን በስሞቹ ላይ ከላይ ወደ ታች እያወረደች «አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ አያት» ብላ ቆጠረችና ደብተሩን ወደ እኔ አዙራ «ሕፃኗ የታለች?» አለችኝ። ሕፃኗ እቅፌ ውስጥ ነበረች። 1 ሺህ 870 ብር ከኪሳችን ከፈልን። ባለቤቴ ገና ሊሠራው ላለው ሥራ ከአሠሪው አስቀድሞ የተቀበለው ገንዘብ ነበር።

ሁለት ነገር ጨንቆኛል። አንደኛው፣ ልጅቷን አሁን ማስገባት ይቻላል ወይስ የመጪው ጥር እድሳት እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነው? ሁለተኛው የስም ነገር ነው። አማቴ «ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሳትነሳ ስሟ ወረቀት ላይ አይሰፍርም» ብለዋል። እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፤ ገንፎዬን የሚያገነፉልኝ፣ ሌሊት ልጅቷን የሚቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ግን እስከዚያ ደግማ ብትታመምብኝስ? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

አዋላጅዋ ከአዘዞ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ። ልጅሽንም እንኳን ተረፈችልሽ።

ስለ ደብተሩ ከማውራቴ በፊት ስለ ፀሐይዋ አንድ ነገር ልበል፤ ሌሎች አራሶችም ያነቡታልና። ብዙ ሕፃናት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቢጫ ይላሉ፤ በአብዛኞቹ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። እናቶቻችን ፀሐይ አሽሮታል የሚሉት ለዚህ ነው፤ ባይሞቁም ይሽራቸው ነበር። ነገር ግን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የታየ ቢጫነት፣ መዳፍና የእግር መርገጫ ድረስ የወረደ፣ ወይም ጡት ከመተው፣ ከመዝለፍለፍና ከትኩሳት ጋር የመጣ አንድ ሌሊት እንኳ ማደር የለበትም። ቢጫው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ ወደ አንጎል ይዘልቃል፤ ከሞት የተረፈውን ልጅ መስማት ሊያሳጣው፣ እጅና እግሩንም ሊያሰንፈው ይችላል። ሕክምናው ልጅሽ ያገኘችው ብርሃን ነው። የበር ላይ ፀሐይ አይተካውም፤ ቅቤ ማስዋጥና እንጥል ማስቆረጥማ ጭራሽ ጉዳት ነው። አማትሽን አልወቅስም፤ የእኔም እናት ያንኑ ያደርጉ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ከጤና ጣቢያ ስትወጪ የልደት ማሳወቂያ የሚባል ወረቀት ተሰጥቶሽ መሆን አለበት። የእናት ስም፣ የሕፃኑ ፆታ፣ የተወለደበት ቀንና ቦታ አለበት፣ ማኅተምም አርፎበታል። ከክትባት ካርዱ ጋር ታጥፎ ይሆናል፤ ፈልጊው። ካላገኘሽው ወደ ወለድሽበት ጤና ጣቢያ ሰው ላኪ። ስምሽ፣ ቀኑና ሰዓቱ በወሊድ መዝገቡ ላይ ሰፍሯልና ከዚያ አይጠፋም። እኔ በምሠራበት ቦታ ሕፃኑ ስም ሳይወጣለትም ማሳወቂያውን እንሰጣለን። ለቀበሌውም ሆነ ለመድኑ ሥራ መነሻው ይኸው ወረቀት ነው።

ሌላም አለ። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የድኅረ ወሊድ ክትትልና ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ነው፤ የመድን ደብተር ኖረሽ አልኖረሽ ማንም ገንዘብ አይጠይቅሽም። ልጅሽ ስትወለድ የሳንባ ነቀርሳውንና በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት ወስዳ ይሆናል። ቀጣዩ በ6 ሳምንቷ ነው፤ ከዚያ በ10፣ ከዚያ በ14 ሳምንቷ። የኩፍኝ ደግሞ በ9 ወሯ። «ደብተር ላይ ስለሌለች አትከተብም» የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ አትመለሽ፤ ኃላፊውን ጠይቂ። ደብተሩ የሚያስፈልግሽ ልክ እንዳጋጠመሽ ስትታመም ነው፤ ለአልጋ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት።

የማራኪዋ አራስ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ። ወረቀቱን አሁን ከፍራሽ ሥር፣ ከክትባት ካርዱ ጋር አገኘሁት። «የሕፃኑ ስም» በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው።

የቀድሞው የቀበሌ ጸሐፊ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጎንደር ውስጥ በአንድ ቀበሌ ለብዙ ዓመታት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ሰው ሁልጊዜ የሚያደባልቃቸውን ሁለት ነገሮች ልለይልሽ።

አንደኛው የልደት ምዝገባ ነው። ይህ የሚካሄደው ወላጆች በሚኖሩበት ቀበሌ፣ በክብር መዝገብ ሹሙ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት በሚመዘግበው ሠራተኛ ፊት ነው። ሕጉ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ነው፤ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1049 ተሻሽሏል። በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ የዋለው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ሁለተኛው የጤና መድኑ መዝገብ ነው። እሱ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሠራተኛ፣ ሌላ ደብተር ነው። ቀበሌ ልደቷን ስላስመዘገብሽ ልጅቷ በራሷ ጊዜ የመድን ደብተሩ ላይ አትወጣም። ብዙ ሰው «አስመዝግቤያለሁ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ ልጁ ታሞ ሲሄድ ያልታሰበ ዕዳ ይገጥመዋል።

አሁን የ90ውን ቀን ከሰማንያው ጋር አስተያዪው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፤ ለአባቱ 50 ቀን ይተርፈዋል። ሴት ልጅ ግን በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የሚተርፈው አሥር ቀን ብቻ ነው። ድግሱ አለ፣ ከገጠር የመጣውን ዘመድ መሸኘት አለ፣ የዕቃ መመለስ አለ። አሥሩ ቀን እንዲህ ያልቃል። በሥራ ዘመኔ ቀኑ አልፎበት የሚመጣውን አባት ሁሉ «ለምን ዘገየህ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ «ክርስትናዋን ስንጠብቅ» ነበር። ቀኑ ካለፈ በኋላም ምዝገባ አለ፤ ግን ተጨማሪ ጥያቄና ተጨማሪ ምልልስ አለበት።

ለጥያቄሽ መልሱ ይህ ነው፤ ጥርን አትጠብቂ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በቤተሰብ ነው፤ አባወራው፣ ባለቤቱና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸው አንድ አባል ቤተሰብ ናቸው። አማትሽ ተጨማሪ የሚከፈልባቸው ከዚህ ክበብ ውጭ ስለሆኑ ነው። ልጅሽ ግን የቤቱ ልጅ ናት፤ የጎደለው ስሟ ነው። እኔ በሠራሁበት ቀበሌ ወላጆች የልደት ማሳወቂያውን፣ የሁለቱንም የነዋሪነት መታወቂያና የታደሰውን የመድን ደብተር ይዘው ሲመጡ በዓመቱ መካከልም ቢሆን ሕፃኑን እንጨምር ነበር። ባለቤትሽ መጀመሪያ ልደቷን ያስመዝግብ፤ በዚያው ቀን ወደ መድኑ ክፍል ይሻገር። ደግሞም «ጨምረናታል» የሚለውን በቃል ብቻ ሰምቶ እንዳይመለስ። ስሟ በደብተራችሁ ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት በዓይኑ ይየው።

ስም ስለማውጣቱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይናገር።

የሦስት ልጆች አባት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

እውነቱን ልናገር፤ አዝኜ ነው የምናገረው። ይህን ሁሉ ደጅ ጠንታችሁ ብታስገቧት ምን ታገኛለች? እኔ ሦስቱንም ልጆቼን አስመዝግቤያለሁ። ባለፈው ዓመት ትንሿ የሳንባ ምች ታማብኝ ወሰድኳት። ካርዱ በነፃ፣ ምርመራው በነፃ፤ መድኃኒት ላይ ስንደርስ «ይህኛው አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ተባልኩ። ከአንድ የግል መድኃኒት ቤት በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። በዚያው ሳምንት ጎረቤቴም እንደዚሁ ተባለ። መዋጮውን በጊዜው የሚከፍል ሰው ለምን በር ላይ ይመለሳል? ይህ እስኪስተካከል ድረስ ሰውን ተመዝገቡ ማለት ይከብደኛል።

ገበሬው ከፎገራ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ወንድሜ፣ የተናገርከው እውነት ነው፤ እኔም ደርሶብኛል። መድኃኒት የለም መባል ልብ ይሰብራል። ቢሆንም ያለ መድን የነበርንበትን ዘመን የማያውቅ ሰው እንዳይሳሳት የእኔን ልንገራችሁ።

ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ተመረጡ። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ተሁለደሬና የእኛ ፎገራ ነበሩ። ቀድሞ ከገቡት አንዱ እኔ ነኝ፤ የገባሁበት ምክንያት ደግሞ አለኝ። ከዚያ በፊት የመጀመሪያ ልጄ በተወለደ በሦስተኛ ሳምንቱ ትኩሳት ያዘው። በቃሬዛ ወረታ አደረስነው፣ ከዚያ ወደ ጎንደር ላኩን። ለመኪና፣ ለአልጋ፣ ለመርፌ የሚሆን ገንዘብ አልነበረኝም፤ ቦራ የሚባል በሬዬን ሸጥኩ። ልጁ ዳነ። በዚያ ክረምት ግን ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቼ በአንድ በሬ አረስኩ፤ ከሩዝ ማሳዬም ግማሹን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጠሁ። ያንን ለማካካስ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

መድን ከገባሁ በኋላ መንታ ተወለዱልኝ። ሁለቱም ገና የሰዓታት ዕድሜ ሳላቸው ክብደታቸው አንሶ ሆስፒታል ተኙ። ስማቸው ደብተሩ ላይ እንዲገባ የሮጠው ወንድሜ ነው፤ እኔ ከእናታቸው ጋር ነበርኩ። ከውጭ የገዛሁት መድኃኒት ነበረ፤ አልዋሽም። በሬ ግን አልሸጥኩም።

መክፈል የማይችል ደኻ ቢኖርም ኅብረተሰቡ ራሱ እየለየ ያቀርበዋል፣ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። ከእኛ ጎጥ ብቻ እንዲህ የገቡ አሮጊቶችን አውቃለሁ። ወንድሜ፣ «መድኃኒት ይሟላልን» ብለን አብረን እንጩህ፤ በየስብሰባው እነሳለሁ። ሕፃን ልጅን ግን ከደብተሩ ውጭ አድርገን አንጩህ።

የሦስት ልጆች አባት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

አባቴ፣ ስለ በሬው ያሉትን አንብቤ ዝም አልኩ። አትመዝገቡ ማለቴ አልነበረም፤ ንዴት ነው ያናገረኝ። እህታችን ልጅሽን አስመዝግቢ። ከውጭ ግዙ ስትባሉ ግን ማዘዣውንና ደረሰኙን አትጣሉ፤ እኔ የጣልኩት በኋላ ሲጠየቅ አላገኘሁትም።

መምህር ከአራዳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ቅዳሜ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ልጃችን ሁለት ወሩ ነው። ለእኛ የታሰበው በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 690 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ነበር፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ። ዓመታት አለፉ፤ የእኔ ደመወዝ ላይ አልተቆረጠም፣ ልጄም በእኔ በኩል የሚታከምበት ደብተር የለውም። ማኅበረሰብ አቀፉ የተቋቋመው ለአርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ነው። በባለቤቴ በኩል መግባት እንችላለን?

የቀድሞው የቀበሌ ጸሐፊ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

መምህር፣ ባለቤትዎ ራሳቸው ወደ ቀበሌያቸው የመድን ክፍል ይቅረቡ፤ በንግድ ሥራቸው የሚተዳደሩ መሆናቸውን ገልጸው ልጁን ይዘው ይጠይቁ። እርስዎ ሆነው ከጠየቁ «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለው ቃል በሩን ይዘጋብዎታል። እንዲህ ያሉ እናቶችን ስመዘግብ ኖሬአለሁ።

ዲያቆን ዘቀሐ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ከኪዳን ወጥቼ ነው ያነበብኩት። ስለ ስሙ የተጠየቀውን ሳየው ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ቤት ሲቸገር አያለሁና።

አማትሽ የያዙት ሥርዓት ትክክል ነው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው። አባቶቻችን ሲያስተምሩ አዳም በተፈጠረ በአርባኛው፣ ሔዋን በሰማንያኛው ቀን ወደ ገነት ገቡ ይላሉ፤ ልጅነትን ያጡበትን ቦታ በጥምቀት ስንመልሰው ቀኑንም እንጠብቃለን። ይህን ማንም እንዲያፈርስ አልመክርም። ሕፃን ታሞ ለሞት ሲያሰጋ ብቻ ቀኑ ሳይደርስም ይጠመቃል።

ነገር ግን በጥምቀት የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ አመተ ሥላሴ የሚባለው፤ ለቁርባን፣ ለጸሎት፣ ለፍትሐት የምትጠራበት። ቀበሌ የሚጽፈው ያንን አይደለም። ቀበሌ የሚጽፈው እናትና አባት ቤት ውስጥ የሚያወጡትን፣ ጎረቤት የሚጠራትን የዓለም ስሟን ነው። ይህንን ስም ወላጅ ከፈለገ በተወለደች ዕለት ቢያወጣው የሚከለክል ቀኖና የለም። አያቶቻችን ገና ምጡ ሳይበርድ «ስንታየሁ»፣ «ማረኝ»፣ «ተዋበች» ብለው ሲሰይሙ ኖረዋል። እንግዲህ ሁለቱ ስሞች አይጋጩም፤ አንዱ አሁን ወደ መዝገብ ይገባል፣ ሁለተኛው በሰማንያ ቀኗ ከካህኑ ይመጣል።

ለአማትሽ ይህንን አንብቢላቸው። ከዚያም ስሙን ራሳቸው እንዲያወጡት ለምኚያቸው። አያት ያወጣችው ስም በረከት አለው።

የአዲስ ዓለሟ እናት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡20

አስተያየት ለመስጠት አመንትቼ ነበር፤ የእኛ ወግ ይለያልና። ግን የደረሰብኝ ለሁላችሁም ይጠቅማል።

እኛ በሰባተኛው ቀን አቂቃ አርደን ስም እናወጣለን። ስለዚህ የወንድ ልጄ ስም በጊዜ ወጣ፤ ባለቤቴም በዘጠነኛው ቀን ወረቀቱን ይዞ ቀበሌ ሄደ። የስም ችግር አልገጠመንም። የገጠመን የፊደል ችግር ነው። በባለቤቴ መታወቂያ ላይ የአባቱ ስም «ሙሐመድ» ተብሎ በሐመሩ ሐ ተጽፏል። በልደት ማሳወቂያው ላይ «ሙሀመድ» ብለው በሃሌታው ሀ ጻፉት። በመድን ደብተራችን ላይ ደግሞ «መሀመድ» ነው። ሦስት ወረቀት፣ ሦስት አጻጻፍ። የመዝገብ ሠራተኛው ጎን ለጎን ዘርግቶ አያቸውና «ይህ አንድ ሰው መሆኑን በምን ልወቅ?» አለ። ባለቤቴ ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሶ ማሳወቂያውን አስተካከለ፤ ከዚያ የመድን ደብተሩን በደብዳቤ አስተካከለ። አንድ ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሳምንት ልጁ አለመታመሙ አላህ ጠብቆት ነው።

እባካችሁ ወረቀቱን በእጃችሁ ከመቀበላችሁ በፊት፣ ጸሐፊው ገና ማኅተም ሳያሳርፍ፣ መታወቂያችሁን አውጥታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩት። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ሲነበብ አንድ ነው፤ ለሠራተኛው ግን ሦስት ሰው ነው።

አዋላጅዋ ከአዘዞ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

እህቴ፣ ይህንን ማንሳትሽ መልካም ነው። ጥፋቱ የእኛም ነው። ሌሊት ሦስት እናት በአንድ ጊዜ ስታምጥ፣ ስሙን በጆሮ ሰምተን እንጽፋለን እንጂ መታወቂያ አንጠይቅም። ከነገ ጀምሮ እኔ በምሠራበት ክፍል መታወቂያ እያየሁ እጽፋለሁ፤ ለባልደረቦቼም እነግራለሁ።

የማራኪዋ አራስ
በሳምንቱ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡30

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ አባቶቼ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ረቡዕ ማታ የዲያቆኑን መልእክት ለአማቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ቡና እየቆሉ ነበር። «ምጡ ሳይበርድ» የሚለው ጋ ስደርስ መቁላቱን አቁመው «ደግመሽ አንብቢው» አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ቡናውን ወቀጡ፣ አፈሉ። አቦሉን ከቀዱ በኋላ ልጅቷን ተቀብለውኝ ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «የእናቴ ስም ስንዱ ነበር» አሉ። ባለቤቴ የሴት አያቱን ስም ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጄ ስንዱ ትባላለች። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ በቀሐ ኢየሱስ ነው።

ምዝገባው ግን በአንድ ቀን አላለቀም። ባለቤቴ አርብ ከሥራ ቀርቶ ሲሄድ የእሱ መታወቂያ ጊዜው ማለፉ ታወቀ፤ እኛ ስለ ሕፃኗ ስንጨነቅ የአባትዋን አላየንም። ሰኞ መታወቂያውን ለማሳደስ ተሰለፈ። ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ አልሠራም። ረቡዕ ልደቷ ተመዘገበ፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ የመድኑ ክፍል ገባ። የቀድሞው ጸሐፊ አባታችን እንዳሉት በቃል ሰምቶ አልተመለሰም። ደብተሩን ከፍቶ አሳየኝ፦ ከአማቴ ስም በታች፣ በአምስተኛው መስመር ላይ፣ ቀለሙ ገና የደመቀ «ስንዱ» የሚል አለ፤ የማኅተሙ ጠርዝ «ዱ»ን ነክቷታል።

ቀድሞ ስለከፈልነው 1 ሺህ 870 ብር ጠይቆ ነበር። ያን ጊዜ በደብተሩ ላይ ስላልነበረች አይመለስም ተባለ። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል። መዋጮ የተከፈለበት ቤት ውስጥ የተወለደች ልጅ ናት፤ በስድስት ቀኗ ማን ያስመዘግባታል? ወላድ አልጋ ላይ ናት፣ አባት ሆስፒታል በር ላይ ነው። ልደቱን የመዘገበው ጤና ጣቢያ ስሙን በቀጥታ ወደ መድኑ መዝገብ ቢያስተላልፍ አንዲት አራስ እንኳ በገንዘብ መክፈያው መስኮት ላይ እንዲህ አትቆምም ነበር። ይህንን ሥልጣን ያለው ሰው ካነበበው አደራ እላለሁ።

አማቴ ሁላችሁንም ይመርቁአችኋል። «ክርስትናዋ ዕለት ዲያቆኑ ይምጣ፣ አዋላጅዋም ትምጣ» ብለዋል።

ዲያቆን ዘቀሐ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00

ስንዱን እግዚአብሔር ያሳድጋት። ቀሐ ኢየሱስ ከሆነ እኔ እዚያው ነኝ፤ ጥሪም አያስፈልገኝ።

አዲስ አባት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡45

ይህን ውይይት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤ አሁን ጨረስኩ። ወንድ ልጅ ተወልዶልኛል፤ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እናቱ ተኝታለች። የልደት ማሳወቂያው በእጄ ነው፣ መታወቂያዬንም አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የአባቴ ስም ኃይለ ማርያም ነው፤ በመታወቂያዬ ላይ በብዙኃኑ ኃ ነው የተጻፈው። ወረቀቱ ላይ በሃሌታው ሀ አድርገውታል።

ጤና ጣቢያው ከጠዋቱ 2፡30 ይከፈታል፤ በሩ ላይ እጠብቃቸዋለሁ።